ካሜራውን የሸጠው ሲኒማቶግራፈር

የምጽፈው ስለ አንድ ሰው ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ሃያ ዓመት አልፎታል ከካሜራ ጀርባ ሲቆም። ሰርግ ቀርጿል፣ ክሊፕ ቀርጿል። ፊልም፣ ማስታወቂያ፣ ዶክመንተሪ፣ ተከታታይ ድራማም ሠርቷል። ስሙ እንዲጠቀስ አልፈለገም። ማን እንደሆነ የሚያሳብቁ ነገሮችንም ትቻቸዋለሁ። እኔ ኤዲተር ነኝ፤ የቀረጸውን ጥሬ ምስል ለዓመታት አይቻለሁ። ኤዲተር የካሜራማንን ጠባይ በደንብ ያውቃል። ዳይሬክተሩ «አክሽን» ከማለቱ በፊትና «ከት» ካለ በኋላ ያለውን ሁሉ እኛ ነን የምናየው።

ይህን ለመጻፍ ያነሳሳኝ አንድ ጥያቄ ነው። ሙያውን የሚጀምሩ ልጆች ሲያገኙኝ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ «ምን ካሜራ ልግዛ?» ብለው ነው። እኔ ከምመልስላቸው የዚህን ሰው መንገድ ቢያዩት ይሻላል። እዚህ ከተማ ውስጥ አንድ ዓይነት ሥራ ብቻ እየሠሩ በካሜራ መኖር ከባድ ነው። ሁሉም ሁለገብ ነው። ግን ሁሉን እየሠራ ምንም ሳይዝ የቀረ ብዙ ሰው አውቃለሁ። እሱ ከእያንዳንዱ ሥራ አንድ ነገር ይዞ ነው የወጣው። በኋላ ደግሞ ብዙዎቻችን የማንደፍረውን ውሳኔ ወሰነ።

ከፎቶ ቤት ወደ ድንኳን

የጀመረው ፒያሳ ነው፣ በ1990ዎቹ አጋማሽ፣ አንድ ፎቶ ቤት ውስጥ በረዳትነት። ፒያሳና ፎቶ የቆየ ትውውቅ አላቸው። ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ አርመናውያኑ የቦያጂያን ቤተሰብ አባላት ለቤተ መንግሥት ፎቶ አንስተዋል። እሱ በገባበት ጊዜ ግን ሥራው በአብዛኛው የፓስፖርት፣ የመታወቂያና የምርቃት ፎቶ ነበር። የቤቱ ባለቤት ሽማግሌ ሰው ናቸው፤ ሁሉም «ጋሼ» ነው የሚላቸው። ጋሼ ካሜራውን ለረጅም ጊዜ አላስነኩትም። መብራት አስያዙት። አንድ እናት ሲመጡ መብራቱን ወደ ጎን ያስወስዱታል። ጉንጫቸው የሰፋ ሰው ሲመጣ ደግሞ ከፍ ያስደርጉታል። መነጽር ያደረገ ሰው ሲቀመጥ ነጸብራቁ እስኪጠፋ ድረስ ያዘዋውሩታል። ምክንያቱን አይነግሩትም። ፎቶው ታጥቦ ሲመጣ ግን አጠገባቸው አቁመው ያሳዩታል።

ይህ ነገር ዕድሜ ልኩን ጠቅሞታል ብዬ አምናለሁ። አብዛኞቻችን ካሜራ ተምረን በኋላ ነው ስለ ብርሃን ማሰብ የጀመርነው። እሱ በተቃራኒው ነው የመጣው።

ከዚያ ሰርግ መጣ። የጊዜው ካሜራ በሚኒ ዲቪ ካሴት የሚሠራው ሶኒ ፒዲ 170 ነበር። አንድ ካሴት 60 ደቂቃ ይይዛል። ሽማግሌዎች መመረቅ ሲጀምሩ ካሴት ማለቅ የለበትም፤ ምርቃት አይደገምም። ሙሽራዋ ከቤት ስትወጣ፣ እናት ስታለቅስ፣ ሚዜዎች በር ላይ ሲከለከሉ፣ አንዱም አይደገምም። እና ሰው ከመንቀሳቀሱ በፊት ወዴት እንደሚሄድ ማንበብ ተማረ። በኋላ ዶክመንተሪዎቹን ስቆርጥ ይህ ችሎታ በግልጽ ይታየኝ ነበር። ካሜራው ሁልጊዜ ቀድሞ ደርሶ ይጠብቃል።

ሰርግ ሌላም ነገር አስተምሮታል። የቀን ድንኳን ውስጥ ብርሃኑ የሚያልፈው በጨርቁ ነው። ድንኳኑ ሰማያዊ ከሆነ የሁሉም ፊት ሰማያዊ ይመታል፤ ቢጫ ከሆነ ደግሞ ቢጫ። ካሜራውን እንዲያስተካክል ነጭ ወረቀት ኪሱ ውስጥ ይይዝ ነበር። በዚያ ላይ ነጭ ቬሎና ነጭ የሐበሻ ልብስ አለ፤ ከጥቁር ፊት አጠገብ። ካሜራውን በአውቶማቲክ ከተውከው ነጩን አይቶ ፊቱን ያጨልመዋል። ለፊቱ ብለህ የብርሃን መግቢያውን ስትከፍት ደግሞ ጥልፉ ይጠፋል። የዚያን ዘመን ብዙ የሰርግ ካሴት ይህ ችግር አለበት። የእሱ ላይ ጥልፉም ፊቱም ይታያል። ለፊቱ ብሎ ይከፍታል፣ ከዚያ ሙሽሮቹን ከመብራቱ ትንሽ ዞር ያደርጋቸዋል። ብርሃኑ ልብሱን በሙሉ አይመታውም፤ ከጎን ይዳስሰዋል።

የጥቁር ቆዳ ነገር መቼም የሁላችንም ጉዳይ ነው። የፊልምና የፎቶ ኢንዱስትሪው ለአሠርት ዓመታት የቀለም መለኪያውን ያስተካከለው በነጭ ሴቶች ፎቶ ነበር። ከዚያ የወረስነው ልማድ ፊት ጨለመ ሲባል መብራት መጨመር ነው። እሱ መብራት አይጨምርም፤ መብራቱን ያሰፋዋል። ትልቅ ነጭ ጨርቅ ወይም ፎም ከጎን ያቆማል፤ ብርሃኑ ከዚያ ተመልሶ ቆዳው ላይ ያርፋል። ቆዳው ራሱ ያበራል። አንዳንዴ ሜካፕ የምትሠራዋን ልጅ «ፓውደሩን ቀንሺው፣ ትንሽ ወዝ ይኑረው» ይላታል።

ክሊፕና ፊልም

ክሊፕ ላይ ረጅም ጊዜ አልቆየም፤ እኔም አልቆይበትም። በጀቱ ትንሽ ነበር፣ ጥድፊያው ብዙ። ያገኘው ጥቅም ግን አለ። ዘፋኙ በዝግታ እየሄደ ከንፈሩ ከዘፈኑ ጋር እንዲገጥም ዘፈኑን በእጥፍ ፍጥነት አጫውተህ በሰከንድ 50 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ትቀርጻለህ፤ ከዚያ በ25 ታጫውተዋለህ። እንዲህ ያሉ ነገሮችን ከክሊፕ ለቀመ። ካኖን ፋይቭ ዲ ማርክ ቱንም የተዋወቀው እዚያ ነው። ካሜራው በፈረንጆቹ 2008 መጨረሻ ነው የወጣው። ፎቶ ካሜራ ሆኖ ሲኒማ የሚመስል ምስል ሲሰጥ ሁላችንም አበድን። መጀመሪያ ላይ ግን የሚቀርጸው በሰከንድ 30 ፍሬም ብቻ ነበር። የኛ መብራት ደግሞ 50 ኸርዝ ነው፤ በሰከንድ 50 ዙር ይመላለሳል፣ ከ30 ጋር አይገጥምም። ቢሮና ካፌ ውስጥ ፍሎረሰንቱ ምስሉን ያንቀጠቅጠው ነበር። 25 ፍሬም የመጣው በፈረንጆቹ 2010 በወጣ የሶፍትዌር ማሻሻያ ነው። ያን እስኪጭኑ ድረስ ብዙ ሰዎች ካሜራው ተበላሽቷል ብለው ነበር። እሱ ፍሎረሰንት ያለበት ቤት ሲገባ መጀመሪያ መብራቱን ያጠፋና ወንበሩን ወደ መስኮት ያስጠጋል።

ፊልም በዚያው ጊዜ እየጋለ ነበር። በሴሉሎይድ (በጥቅል ፊልም) መሥራት ከአቅም በላይ ስለነበር ቪዲዮ ነው በሩን የከፈተው። በቪዲዮ የተሠራ የአማርኛ ፊልም አምባሳደር፣ ሲኒማ ኢትዮጵያና ሲኒማ አምፒር ገባ። ሰዉም ተሰለፈ። ፕሮዲውሰሮች በዙ፣ የቀረጻ ቀናት ግን አጠሩ። እሱ የመጀመሪያ ፊልሙን ሲያገኝ የጠሩት «ካሜራማን» ብለው ነው። የሥራው ስፋት ግን የሲኒማቶግራፈር ነበር። ብርሃኑ የሱ፣ ቀለሙ የሱ፣ ቦታ መረጣው ላይም አብሮ ይዞራል።

እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ። አዲስ አበባ ፊልም ለመቅረጽ ቆንጆም አስቸጋሪም ከተማ ናት። ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አካባቢ ነው ያለነው። አየሩ ስስ ነው፣ ፀሐዩ ስለታም፣ ጥላው ጥቁር። ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆንን ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ የመጀመሪያ ቀናትና በነሐሴ መጨረሻ ገደማ፣ እኩለ ቀን ላይ ልክ አናት ላይ ትቆማለች። ያን ሰዓት ውጭ የተቀረጸ ሰው ዓይኑ ጉድጓድ ይመስላል። ማታ ደግሞ ፀሐይ ከገባች በኋላ ሰማዩ ሰማያዊ ሆኖ የሚቆየው ግማሽ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ክረምት ሲመጣ ጠዋት ፀሐይ፣ ከሰዓት ዝናብ። የጣሪያው ቆርቆሮ ድምፁን ይበላዋል። በዚህ ሁሉ መሃል ሰባት ቀን የተቀረጸ ትዕይንት ስክሪን ላይ የአንድ ከሰዓት መምሰል አለበት።

የሱ መፍትሔ ዕቅድ ነበር። የውጩን ትዕይንት ጠዋት ከ1 እስከ 3 ሰዓት፣ ከዚያም ከ10 ሰዓት በኋላ። መሃሉን ቤት ውስጥ። ዳይሬክተሩን ከቀረጻው በፊት ቦታው ላይ ይወስደዋል፤ ፀሐይዋ የት እንደምትውል ቆመው ያያሉ። አንዴ ካዛንቺስ አካባቢ አንድ አሮጌ ቤት ውስጥ ሲቀርጹ መብራቱ ኃይሉ ይወርድ ነበር። የቮልቴጁ መውረድ የሃሎጅን መብራቱን ቀይ ያደርገዋል፤ ከሾት ሾት ቀለሙ ይለያያል። ጀነሬተር ለመከራየት ገንዘብ አልነበረም። ትዕይንቱን በሙሉ ወደ መስኮቱ አዞረው። መብራቶቹን አጠፋ፣ ውጭ ነጭ ጨርቅ ሰቀለ። ያ ትዕይንት እስከ ዛሬ ከፊልሙ ሁሉ እኔ የምወደው ነው።

በዚያ ዘመን አንድ ነገር ደግሞ አበረታታው። አብርሃም ኃይሌ ብሩ የሚባል ኢትዮጵያዊ ሲኒማቶግራፈር የቻዱን ዳይሬክተር የማሃማት ሳሌህ ሃሩንን ፊልሞች እንደቀረጸ ሰማ፤ በፈረንጆቹ የ2002ቱን «አቡና»ንና በቬኒስ ፌስቲቫል የዳኞች ልዩ ሽልማት ያገኘውን የ2006ቱን «ዳራት»። አብርሃም አዲስ አበባ ውስጥ የፊልም ማሠልጠኛም ከፍቷል። ከዚህ አገር የተነሳ ሰው በዓይኑ ብቻ እዚያ መድረሱ ለእሱ ትልቅ ነገር ነበር። «አቡና»ን ደጋግሞ አይቶታል፤ ጥላውን ሳይፈራ ማስቀመጡን ነበር የሚያደንቀው።

ደጉ ጊዜና ብድሩ

ፊልም ስም ይሰጣል፤ ቤት ኪራይ የሚከፍለው ማስታወቂያ ነው። ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ ቢራ ፋብሪካዎች በየተራ ወደ ውጭ ኩባንያዎች ሲዞሩ የገበያው ፉክክር ከረረ። ሁሉም በቴሌቪዥን መታየት ፈለገ። ለማስታወቂያ ሲባል ጥሩ መብራት፣ ጥሩ ሌንስ፣ ክሬን ወደ ሥራው መጣ። የኛ ሰዎች ውሃ ያዘለ ጠርሙስ እንዴት እንደሚያበራ፣ አረፋ ስንት ሰከንድ እንደሚቆይ ያወቁት ያኔ ነው። እሱም ገባበት። የአንድ የማስታወቂያ ቀን ክፍያ ከብዙ ሳምንት የፊልም ቀረጻ ይበልጥ ነበር።

በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ቃና ቴሌቪዥን በአማርኛ የተተረጎሙ የውጭ ድራማዎችን ይዞ መጣ። ቤተሰቡ ማታ ቤቱ መቀመጥ ጀመረ። ሲኒማ ቤት የሚሄደው ሰው ቀነሰ፤ ቢያንስ እኔ የምቆርጣቸው ፊልሞች ቁጥር በግልጽ ወረደ። ስለዚህ ማስታወቂያው ዋና መተዳደሪያው ሆነ።

ማስታወቂያ የሚያሠሩት ድርጅቶች ሲደውሉ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «ካሜራህ ምንድነው?» ነበር። ካሜራ ያለው ሰው ይጠራል። የሌለው አይጠራም። እሱም ሶኒ ኤፍኤስ 7 ገዛ። ግማሹን ከዕቁብ፣ ግማሹን ከዘመድ ተበድሮ። ያኔ ዶላር በባንክ ስለማይገኝ ካሜራው በሰው እጅ ነው የገባው፤ ዋጋውም በዚያው ልክ ነው። ለአንድ ዓመት ያህል ሁሉም ነገር ሰመረ። ስልኩ አያርፍም ነበር።

ከዚያ በ2011 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ወጣ። የአልኮል መጠጥ ማስታወቂያ በሬዲዮና በቴሌቪዥን ተከለከለ። ለሕዝብ ጤና ብዬ ሳስበው አዋጁን አልቃወምም። ለማስታወቂያ ቀረጻው ግን ዋናው ምንጭ ባንድ ጊዜ ነው የነጠፈው። ዕዳው አለ፣ ካሜራው መደርደሪያ ላይ አለ፣ ሥራው የለም።

ውሳኔው

ያኔ ከፊቱ ሦስት መንገድ ነበረው። ካሜራውን እያከራየ ዕዳውን መክፈል አንዱ ነው። ብዙ ሰው ያደረገው ይህንን ነው። ግን ካሜራ ሲከራይ ይጎዳል፤ ባለቤቱም አብሮ እየሄደ ዘበኛ ይሆናል። ሁለተኛው ዋጋ ቀንሶ ያገኘውን ሁሉ መሥራት ነው። ሦስተኛውን ማንም አልመከረውም፤ መሸጥ።

እሱ ቁጭ ብሎ የሦስት ዓመት ሥራውን በደብተር ጻፈ። ማን ጠራው፣ ስንት ከፈለው፣ ከዚያ ውስጥ ስንቱ የካሜራ ስንቱ የራሱ እንደሆነ ለየ። ካሜራው በየቀኑ ሊከራይ የሚችልበትን ዋጋ ሲቀንስ ለእሱ የቀረለት ከረዳቱ ክፍያ ብዙም አይበልጥም። ሰዎቹ ሲከፍሉ የኖሩት ለካሜራው ነው። እሱ ከካሜራው ጋር በምርቃት የሚሰጥ ሰው ሆኖ ነበር።

ሸጠው። ዕዳውን ዘጋ። ያስቀረው ሌንሶቹን፣ መብራቶቹንና ያንን የጨርቅና የፎም ክምር ነው። ሌንስ ቶሎ አያረጅም፤ መብራትም እንደዚያው። የካሜራ አካል ግን በሦስት በአራት ዓመት ሞዴሉ ያልፍበታል። ከዚያ ወዲህ ሲደወልለት ሁለት ሂሳብ ማቅረብ ጀመረ። አንዱ የዕቃ ኪራይ፤ እሱን ፕሮዲውሰሩ በቀጥታ ለኪራይ ቤት ይከፍላል። ሌላው የሙያ ክፍያ።

መጀመሪያ ላይ ብዙዎቹ መደወል አቆሙ። «ካሜራ እንኳ የለውም» እየተባለ ተወራ። ቤተሰብ ያለው ሰው ነው፤ ቀልድ አልነበረም። እንዲያ ሲሆን ወደ ሰርግ ተመለሰ፣ የሌላ ሰው ካሜራ ይዞ፣ ያለ ምንም ሀፍረት። እዚህ ላይ ነው ሁለገብነቱ ያዳነው። አንድ የፊልም ሰው ብቻ ቢሆን ኖሮ ያን ዓመት ከሙያው ይወጣ ነበር። መጋቢት 2012 ኮቪድ ሲገባ ሰርጉም ቆመ፤ ሲኒማ ቤቶቹም ተዘጉ። ዕዳ ግን አልነበረበትም። የጤና መልእክቶች ቀረጸ። ከዚያ የእርዳታ ድርጅቶች ዶክመንተሪ መጣ። እነዚህ ድርጅቶች ሁለት ሂሳብ ሲያቀርብላቸው አልደነቃቸውም፤ ደረሰኝ ብቻ ነው የጠየቁት። የሙያ ክፍያው ለመጀመሪያ ጊዜ በወረቀት ላይ ራሱን ችሎ ተጻፈ።

ውሳኔው ዋጋ አላስከፈለውም ማለት አልችልም። ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የሸጠውን ዓይነት ካሜራ ዛሬ መልሶ ልግዛ ቢል አይታሰብም። ካሜራቸውን ይዘው የቆዩ ሰዎች ንብረታቸው በብር ሲታሰብ አድጓል። እኔ ሳየው ግን በ2012 ያ ዕዳ ቢኖርበት እስከ 2016 አይደርስም ነበር።

ተከታታይ ድራማ

አሁን የሚሠራው በአብዛኛው ተከታታይ ድራማ ነው፣ በሲኒማቶግራፈርነት። ቴሌቪዥኖቹ የአማርኛ ድራማ በብዛት ማሠራት ከጀመሩ ወዲህ ቋሚ ሥራ የሚባል ነገር ታየ። ፈተናውም ሌላ ነው። ፊልም ላይ በቀን ጥቂት ገጽ ትቀርጻለህ፤ ድራማ ላይ በአንድ ቀን አንድ ክፍል እንዲጠናቀቅ የሚጠበቅበት ጊዜ አለ። እዚህ የሰርጉ ፍጥነት፣ የማስታወቂያው ጥራት፣ የዶክመንተሪው ትዕግሥት ባንድ ላይ ይፈለጋሉ። ሳሎኑን አንዴ በሰፊው ያበራዋል። ተዋንያኑ የትም ቢቀመጡ ፊታቸው ይታያል። ትዕይንት ሲቀየር የሚነካው አንድ መብራት ብቻ ነው። እኔ ጋ ሲመጣ ቀለሙን ለማስተካከል የማጠፋው ጊዜ ትንሽ ነው።

በ2016 መጀመሪያ አካባቢ ፒያሳ ውስጥ የሚካሄድ ታሪክ ይዞ ነበር። የባለታሪኳ ቤት ውጩ ዶሮ ማነቂያ ነው የተመረጠው፤ በረንዳው፣ የእንጨት ደረጃው፣ ቁልቁለቱ። ግማሹ ተቀርጾ ሳያልቅ የኮሪደር ልማቱ መጣና ሰፈሩ ፈረሰ። ሰዎች ቤታቸው የፈረሰበት ጉዳይ ነው፤ ከዚያ አንጻር የኛ ችግር ትንሽ ነበር። ታሪኩ ግን መቀጠል ነበረበት። እሱ እንዲህ አደረገ። አራት ኪሎ ጀርባ ተመሳሳይ የእንጨት በር አገኘ። በረጅም ሌንስ በጣም አቅርቦ ቀረጸ፤ ከበሩ ውጭ ያለው ሁሉ ደበዘዘ። ቀድሞ ከቀረጸው የሰፈሩን ሰፋ ያለ ምስል አውጥተን በመሃል አስገባን። ብርሃኑ እንዲገጥም የድሮውን ምስል ስልኩ ላይ አስቀምጦ፣ ጥላው በዚያው አቅጣጫ የሚወድቅበትን ሰዓት ጠበቀ። ጥላ የየት አቅጣጫ እንደነበር ሁልጊዜ በማስታወሻ ይይዛል። ተመልካቹ ልዩነቱን ያየ አይመስለኝም።

ረዳቶቹን ይዞ የሚሠራበት መንገድም ይነገር። መጀመሪያ መብራት ነው የሚያሲዛቸው፣ እንደ ጋሼ። ምክንያቱን ግን ይነግራቸዋል። ከረዳቶቹ አንዷ አሁን ራሷን ችላ ድራማ ትቀርጻለች። ካሜራ የላትም፤ የምታቀርበውም ሁለት ሂሳብ ነው።

ያልተፈታው ነገር ውል ነው። አሁን የሚፈርመው ወረቀት ላይ አራት ነገር እንዲኖር ይጠይቃል። የሙያ ክፍያው ከዕቃው ተለይቶ እንዲጻፍ፣ ቀብድ ቀረጻ ከመጀመሩ በፊት እንዲከፈል፣ የቀኑ ሥራ ርዝመቱ ከ12 ሰዓት በላይ ከሆነ ተጨማሪ እንዲታሰብ፣ ቀለም ሲስተካከል እሱ እንዲገኝ። ቀብዱንና የክፍያውን መለየት አሁን ብዙዎቹ ይቀበሉታል። በሰዓቱ ላይ ግን ገና ይከራከራል። ባለፈው ድራማ ቀረጻው ሌሊት 7 ሰዓት ያለፈበት ቀን ነበር፤ ሾፌሩ ወደ ቤት ሲያደርሳቸው መሪው ላይ ሊተኛ ምንም አልቀረውም። ከዚያ በኋላ የሰዓቱ ነገር ካልተጻፈ አልፈርምም ብሏል። የሚቀጥለው ድራማ ፕሮዲውሰር እስካሁን መልስ አልሰጠውም።